የመሸበት እንግዳ፤ በጣና ዳርቻ ማደሪያ ስለ ማግኘት

ለምርምር ወደ ገጠር የሚወጣ ተማሪ አስቀድሞ የሚያስበው ስለሚጠይቀው ጥያቄና ስለሚሞላው መዝገብ ነው። የት እንደሚያድር የሚያስበው ግን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። እኛም ከባሕር ዳር ወደ ጣና ዳርቻ በወጣንባቸው ጊዜያት ይህንኑ ስሕተት ሠርተናል። ስለዚህ በዚህ አጭር ጽሑፍ መንገደኛ በዚህ አገር ማደሪያውን ሲያገኝ የኖረው በምን ዐይነት ሥርዐት እንደ ሆነና ነገሩ ዛሬ ወዴት እንደ ደረሰ ለማስረዳት እንሞክራለን። አሳባችን ባጭሩ ይህ ነው፤ በጣና ዳርቻ ማደሪያ ሲገኝ የኖረው በገንዘብ ሳይሆን በመታወቅ ነው።

በመጀመሪያ የአገሩን ጠባይ መመልከት ያስፈልጋል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ሐይቅ ነው። በምሥራቅ በኩል የፎገራ፣ በሰሜን በኩል የደምቢያ ሜዳ ተዘርግቷል። በክረምት ርብና ጉማራ ሲሞሉ ሜዳው ውሃ ይተኛበታል፤ መንገደኛውም ወንዙ እስኪጎድል ድረስ ካለበት መንደር ይቈያል። በሐይቁም ላይ ቢሆን ከቀትር በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ፣ ከደንገል በተሠራ ታንኳ የሚሻገር ሰው ማለዳ መነሣት አለበት፤ ማለዳ ለመነሣት ደግሞ ሌሊቱን ከዳር ማደር ግድ ነው። በባሕር ዳርና በጎርጎራ መካከል ይመላለስ የነበረው መርከብ እንኳ ለብዙ ዘመን ቁንዝላ ላይ እያደረ በማግሥቱ ጕዞውን ይቀጥል ነበር። እንግዲህ በዚህ አገር ማደር የጕዞ መቋረጥ ሳይሆን የጕዞው አንድ ክፍል ነው።

ከማደሪያዎች ኹሉ ዋነኛው የገበሬው ቤት ነው። መንገደኛው በር ላይ ቆሞ «ቤቶች፣ እንደምን አመሻችሁ፤ የመሸብን መንገደኞች ነን፤ አሳድሩን» ይላል። ባለቤቱም «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ግቡ» ይላል። ከዚያ ውሃ ይሞቃል፤ የእንግዳው እግር ይታጠባል፤ ከመደቡ ላይ ቁርበት ወይም አጎዛ ይነጠፋል፤ ከቤቱ ያለው ይቀርባል። አጋሰስ ያለው እንደ ሆነ ጭድ ይሰጠዋል። ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው ይህን ደግነት ብቻ አድርጎ ያየዋል። ነገር ግን በውስጡ ሌላ ሥራ አለበት። እግሩ ከታጠበ በኋላ እንግዳው «ከየት መጣችሁ? የማን ልጅ ናችሁ? ወዴት ትሄዳላችሁ?» እየተባለ ይጠየቃል። ጥያቄው ወሬ ለመስማት ብቻ አይደለም፤ ያልታወቀው ሰው የሚታወቅበት መንገድ ነው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ባለቤቱ ለእንግዳው፣ እንግዳውም ለባለቤቱ ተጠያቂ ይሆናል። ጧት ሲሸኘውም እስከ ወንዙ ድረስ አብሮት ሄዶ «ከወዲያ ማዶ ሲመሽባችሁ እገሌን ጠይቁ፤ የእኔ እንግዶች መሆናችሁን ንገሩት» ይለዋል። በዚህ ዐይነት አንዱ ቤት ለሚቀጥለው ቤት ዋስ እየሆነ መንገደኛው ሩቅ አገር ይደርሳል።

የሃይማኖት ልዩነትም ቢሆን በሩን አልዘጋውም። ክርስቲያኑና እስላሙ አንዱ የሌላውን ሥጋ ስለማይበላ፣ ባለቤቱ ለሌላው እምነት እንግዳ ወተት፣ ቆሎ ወይም ማር ያቀርባል እንጂ ከደጅ አይመልሰውም። ሲራራ ነጋዴ ግን ሰውም ጭነትም ስለሚበዛው ብዙ ጊዜ የሚያድረው በሜዳ ነበር፤ ጭነቱን ዙሪያውን ደርድሮ፣ እሳት አንድዶ፣ ዘብ አቁሞ ያነጋል።

የቆሎ ተማሪ ደግሞ የራሱ ሥርዐት ነበረው። በጎጃም የቅኔ ትምህርት ቤቶች ዝና የተሳበ ልጅ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቦ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከቤት ወደ ቤት ይሄዳል። ስሙን የሚያውቅለት ሰው ባይኖርም ትምህርቱ ዋሱ ነበር። ገዳማትም እንዲሁ መንገደኛ ይቀበላሉ፤ ነገር ግን እንደ ዳጋ እስጢፋኖስና እንደ ክብራን ገብርኤል ባሉት ደሴቶች ሴት ስለማትገባ፣ እኅቶቻችን ተማሪዎች ማደሪያቸውን ከሌላ ቦታ አስቀድመው ማሰብ አለባቸው።

ይሁን እንጂ እንግዳ መቀበል ኹልጊዜ በፈቃድ የተደረገ አልነበረም። በቀድሞው ዘመን ከቤተ መንግሥት ትእዛዝ ይዞ የሚጓዝ ሰው በሚያልፍበት አገር ኹሉ ገበሬው ድርጎ እንዲያቀርብለት ይታዘዝ ነበር፤ ወታደርም በገበሬው ቤት ተመርቶ ይቀመጥ ነበር። የዚህ ዐይነቱ እንግዳ «አሳድሩኝ» አይልም። ከየት እንደ መጣ የሚጠይቀውም የለም፤ ስለዚህ ከቤቱ ቢያድርም ከቤቱ ጋራ አይተዋወቅም። በትእዛዝ የተገኘ ማደሪያ ደግሞ በትእዛዝ ይለወጣል። የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ የነበረው ሆርሙዝድ ራሳም እ.ኤ.አ. በ1866 ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ በመጣ ጊዜ በክብር ተቀብለውት፣ በጣና ዳር በምትገኘው በቆራጣ እንዲቀመጥ አደረጉ። በዚያው ዓመት ግን ንጉሡ ተቈጥተው አሰሩት፤ እንግድነቱ ቀርቶ እስረኛ ሆኖ ወደ መቅደላ ተወሰደ።

ሦስተኛው ዐይነት የኪራይ ማደሪያ ነው። «አልቤርጎ» የሚለው ቃል ከኢጣልያንኛ መምጣቱ ታሪኩን ይመሰክራል። የመኪና መንገድ ሲሠራ ነጂዎች የሚያድሩባቸው ከተሞች ተነሡ፤ በየቡና ቤቱ ጓሮም የሚከራዩ ክፍሎች ተሠሩ። ባሕር ዳርም በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና የፖሊ ቴክኒክ ተቋም ከተቋቋሙባት ወዲህ እየሰፋች ሄዳ፣ ሆቴልና ፔንስዮን የሞላባት ከተማ ሆናለች። ይህ መልካም ነገር ነው፤ የሚከፍል ሰው የማንንም ምጣድ አያራቁትም። ነገር ግን በአልቤርጎ የሚጠየቀው ስምና ሒሳብ ነው፤ በማግሥቱ ወደሚቀጥለው መንደር የሚሸኝ ዋስ ከዚያ አይገኝም።

እዚህ ላይ የሚያሳስበንን ነገር መግለጽ ይገባናል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነት የገጠሩን ሰው እንግዳ እንዲፈራ አድርጎታል። ሲመሽ በር የሚያንኳኳው ሰው ማን እንደ ሆነ፣ እሱን ማሳደርስ በነጋው በማን ዘንድ እንደሚያስጠይቅ ባለቤቱ አያውቅም። «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ያለ ሰው በገዛ ቃሉ የሚጠቃበት ጊዜ ሲመጣ፣ የሚጐዳው መንገደኛው ብቻ አይደለም። ቤትን ከቤት፣ መንደርን ከመንደር ሲያያይዝ የኖረው የዋስትና ሰንሰለት ይበጠሳል።

ደግሞም የደግነቱን ዋጋ የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ መርሳት የለብንም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ቤት ባደርንበት ሌሊት ሞቅ ብሎን ተኝተን ነበር። ጧት ስንነሣ እመቤቲቱ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው አገኘናቸው። የለበስነው ጋቢ የራሳቸው ነበር፤ ሌላም አልነበራቸው። «እናቴ፣ ምነው ሳይነግሩን?» ብንላቸው፣ «እንግዳ ይነገረዋል እንዴ?» አሉን። ገንዘብ ብንሰጣቸው እንደሚቀየሙ ስላወቅን፣ የያዝነውን ቡናና ስኳር ለልጆቹ ብለን ትተን ወጣን። እንግዳ ሲመጣ ውሃ የምትቀዳው፣ እንጀራ የምትጋግረውና ኋላ የምትተኛው ሴቲቱ ናት። እኛ ግን በመዝገባችን ላይ የጻፍነው የባለቤቱን የባልየውን ስም ብቻ ነበር።

ስለዚህ ወደ ገጠር የሚወጣ ተማሪ ሦስት ነገር እንዲያስብ እንመክራለን። አንደኛ፣ የአገሩ ሰው «አሁን አትምጡ» ካለ አለመሄድ ነው፤ በአሁኑ ጊዜ እንግዳው ለባለቤቱ ችግር ሊያመጣ ይችላልና። ኹለተኛ፣ ሰላም ሲሆን ደግሞ ሳይመሽ መድረስና፣ ከመጠየቅ አስቀድሞ ራስን ማስታወቅ ነው። ሦስተኛ፣ የራስን ስንቅና መደረቢያ መያዝ ነው። ሌላውን እየጠየቅን የምንኖር እኛ፣ «የማን ልጅ ናችሁ?» ስንባል በትክክል መመለስን ካወቅን፣ ጥናታችን የሚጀምረው ከዚያች ሌሊት ነው።