ያውቁ ኖሯል? ከአንዲት ሻማ ስድስት ትምህርት

በለንደኑ ሮያል ኢንስቲትዩሽን በፈረንጆች ገና ሰሞን ለወጣቶች የሳይንስ ትምህርት በመድረክ ይቀርባል። ልማዱ እ.ኤ.አ. በ1825 የተጀመረ ሲሆን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ከ1939 እስከ 1942 ተቋርጦ ነበር።

ከመምህራኑ ሁሉ ስሙ የገነነው የአንጥረኛ ልጁ ማይክል ፋራዳይ ነው። በልጅነቱ ብዙም ያልተማረውና በመጽሐፍ ጠራዥነት የሠለጠነው ይህ ሰው፣ ከ1827 እስከ 1860 ባለው ጊዜ 19 ዙር አስተምሯል።

በጣም የታወቀለት ርዕስ ተራ ሻማ ነበር። ፋራዳይ ሻማውን እፍ ብሎ ያጠፋና የሚነድ እሳት ወደሚትጎለጎለው ጭስ ያስጠጋል። እሳቱ ክሩን ሳይነካው ነበልባሉ ጭሱን ተከትሎ ይወርድና ሻማው እንደገና ቦግ ይላል!

ምስጢሩ ቀላል ነው። የሚነደው ጠጣሩ ሰም አይደለም፤ ሙቀት አቅልጦ ወደ ተን የለወጠው ሰም ነው። ያ ጭስ ገና ያልተቃጠለ ነዳጅ ይዟል።

ፋራዳይ ስለ ሻማ የሰጣቸው ስድስት ትምህርቶች በ1861 በመጽሐፍ ታተሙ። በ1977 በዚሁ መድረክ የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ካርል ሳጋን ስለ ፕላኔቶች አስተምሯል። ፋራዳይ ታዳሚዎቹን ሲያስተምር የሚያሳየው ሥዕል ደግሞ በ1991 በወጣው የእንግሊዝ 20 ፓውንድ ኖት ጀርባ ላይ ታትሟል።