የኮምፒውተር መረጃ ሥርዓት ትምህርት ለተማሪው ምን ሊያስጨብጥ ይገባል?

ልጅን ዩኒቨርሲቲ ልኮ ማስተማር ለአርሶ አደር ቤተሰብ ቀላል ወጪ አይደለም። ለትራንስፖርት፣ ለልብስና ለኪስ የሚላከው ገንዘብ ከእህል፣ አንዳንዴም ከበግና ከበሬ ሽያጭ የሚገኝ ነው። ልጁ «ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ» የተሰኘ የትምህርት ክፍል እንደደረሰው ሲናገር ግን ቤተሰቡ ብዙ ጊዜ የሚረዳው «ኮምፒውተር ይማራል» የሚለውን ብቻ ነው። ተመርቆ ሲመለስም ስልክ እንዲጠግን ወይም ማመልከቻ እንዲተይብ ይጠበቃል። የትምህርቱ ዓላማ ግን ከዚህ የሰፋ ነው።

የመረጃ ሥርዓት ምንድን ነው?

የመረጃ ሥርዓት ሰዎች፣ የአሠራር ደንብ፣ መረጃ እና ኮምፒውተር ተቀናጅተው አንድን ሥራ የሚያከናውኑበት መንገድ ነው። የገጠር መሬት ምዝገባን ለአብነት ማንሳት ይቻላል። ባለይዞታው ማን እንደኾነ፣ ማሳው የት እንደሚገኝ፣ ስፋቱና አዋሳኞቹ በመዝገብ ይሰፍራሉ። ይህ መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ፍለጋው ይፈጥናል። ይኹን እንጂ ባለይዞታው ሲሞት፣ ሲያወርስ ወይም ሲያከራይ ለውጡን ማን እንደሚያሳውቅና ማን እንደሚመዘግብ ካልተወሰነ፣ ኮምፒውተሩ የያዘው ያረጀ መረጃ ነው። በያረጀ መረጃ ደግሞ ወንድማማቾች ይካሰሳሉ። የዘርፉ ተማሪ መሣሪያውንም አሠራሩንም አንድ ላይ ማየት መቻል አለበት።

ተማሪው ምን ይዞ ይውጣ?

የመጀመሪያው ሥራን የማጥናት ችሎታ ነው። ተማሪው ፕሮግራም ከመጻፉ በፊት የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋን፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛውንና ተገልጋዩን መጠየቅ፣ ያዳመጠውንም በሥዕልና በጽሑፍ ማስቀመጥ ይገባዋል። ይህ ካልቀደመ የሚሠራው ሥርዓት ማንም የማይጠቀምበት ይኾናል።

ኹለተኛው መረጃን በሥርዓት የማደራጀት እውቀት ነው። ለዚህ የሀገራችን ፊደል ጥሩ ማሳያ ነው። ሰው «ፀሐይ» እና «ጸሃይ» ተብሎ የተጻፈን ስም አንድ ብሎ ያነባል፤ ኮምፒውተር ግን እያንዳንዱን ፊደል በራሱ ቁጥር ስለሚያውቀው ኹለት የተለያዩ ሰዎች አድርጎ ይቆጥራቸዋል። በቀበሌ የማዳበሪያ ፍላጎት ምዝገባ ላይ ይህ ቢፈጠር አንዱ አርሶ አደር ኹለት ጊዜ ሊመዘገብ፣ ሌላው ደግሞ ድርሻው ሊጎድልበት ይችላል። ጳጉሜን የማያውቅ ፕሮግራምም በዚያ ወር የተወለደን ሕፃን በትክክል መመዝገብ አይችልም። ተመራቂው ለእያንዳንዱ ሰው የማይደገም መለያ ቁጥር መስጠትን፣ ድግግሞሽን ማስወገድንና የራሳችንን የዘመን አቆጣጠር ማስተናገድን ሊያውቅ ይገባል።

ሦስተኛው የቴክኒክ ክህሎት ነው። ፕሮግራም መጻፍ፣ የመረጃ ቋት መገንባት፣ ኔትወርክ መዘርጋትና መረጃ መተንተን በእጅ ካልተለማመዱት በቃል ሽምደዳ አይገኝም። መብራትና ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት አካባቢ ሥራው እንዳይቋረጥ መጠባበቂያ ቅጂ መያዝም የዚሁ አካል ነው።

አራተኛው ታማኝነትና ደኅንነት ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ በእጅ ስልክ መላክና መቀበል ተለምዷል። የሰው ስም፣ ሂሳብና የይዞታ መረጃ በእጁ የሚገባ ባለሙያ ማን ምን ማየት እንደሚችል መወሰን፣ የተደረገውን ለውጥ ኹሉ ማን እንደፈጸመው ማስቀረት አለበት። የግል መረጃን መጠበቅ በሀገራችን በ2016 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 1321 ሕጋዊ ግዴታም ኾኗል።

አምስተኛው ለተገልጋዩ ማሰብ ነው። ማንበብ የማይችል፣ ተራ ስልክ የያዘ አርሶ አደርም ተጠቃሚ ነው። በ8028 የሚደወልበት የግብርና መረጃ መስመር ምክርን በድምፅና በሀገር ውስጥ ቋንቋ ማድረሱ ለዚህ አብነት ነው።

ወረቀትና ብቃት

ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ፤ የማለፊያ ነጥቡም 50 ከመቶ ነው። ፈተናውን ማለፍ አስፈላጊ ቢኾንም ብቻውን ሥራ አያስገኝም። ቀጣሪ የሚጠይቀው ተማሪው ምን ሠርቶ እንዳሳየ ነው። ስለዚህ የተግባር ልምምድ ወቅትና የመመረቂያ ፕሮጀክት እንደ ግዴታ ብቻ ሊታዩ አይገባም። የኅብረት ሥራ ማኅበር የእህል ግዥ መዝገብ፣ የጤና ጣቢያ የካርድ አያያዝ ወይም የትምህርት ቤት ውጤት አመዘጋገብ ተማሪው በቅርቡ የሚያገኛቸው እውነተኛ ችግሮች ናቸው። ፕሮጀክትን በገንዘብ አሠርቶ የሚያስረክብ ተማሪ ወረቀቱን ይዞ ይወጣል፤ እውቀቱ ግን ከሠራለት ሰው ጋር ይቀራል።

ወላጅ ምን ይጠይቅ?

የትምህርቱን ዝርዝር የማያውቅ ወላጅም ልጁን መከታተል ይችላል። ለዕረፍት ሲመጣ «ስንት አመጣህ?» ከማለት ባሻገር «ምን ሠራህ? ለማን ይጠቅማል? ለእኔ ልታስረዳኝ ትችላለህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። የሠራውን ለወላጁ በቀላል አማርኛ ማስረዳት የቻለ ተማሪ ነገ ለመሥሪያ ቤት ኃላፊም ለተገልጋይም ማስረዳት አያቅተውም። ማስረዳት ካልቻለ ደግሞ ጉድለቱን ከምረቃ በፊት ማወቁ፣ ለመሙላት ጊዜ ይሰጠዋል።