ያውቁ ኖሯል? ጫማ መድኃኒት የሚሆንበት በሽታ አለ

(ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ዝሆኔን ብዙ ሰው ትንኝ ከምታስተላልፈው ትል ጋር ያያይዘዋል። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ግን ትንኟም ትሉም የሌሉበት ዝሆኔ እንዳለ ያውቁ ኖሯል? መነሻው አፈሩ ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግሩ ሲያርስ፣ ሲያርም፣ ገበያ ሲመላለስ የኖረ ሰው ደቃቅ የማዕድን ብናኝ በእግሩ ቆዳ በኩል ይገባበታል። ብናኙ የሊምፍ ቧንቧዎችን እያስቆጣ ቀስ በቀስ ይዘጋቸዋል፤ እግር ማበጥ ይጀምራል። የሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ነው። ተህዋስ የለውም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሠራ የአፈሩን ጥፋት በምርምር ያሳየው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነበር።

በአገራችን 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ከዚህ በሽታ ጋር እንደሚኖር ይገመታል። በአልጄሪያ፣ በቱኒዚያ፣ በሞሮኮና በካናሪ ደሴቶችም ድሮ ነበረ፤ ሕዝቡ ጫማ ማድረግ ሲለምድ ጠፋ።

በሽታው በአንዳንድ ቤተሰብ ላይ ስለሚበረታ «በዘራቸው አለ» እየተባለ ልጆቻቸው ጋብቻ ይከለከላሉ። በ2012 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን የወጣ፣ በወላይታ ሕሙማን ላይ የተሠራ የዘረ መል ጥናት ለዚህ ጉዳይ መልስ ሰጥቷል። የሰውነትን የመከላከል ሥርዓት ከሚመሩት ዘረ መሎች መካከል አንዳንዶቹ ለበሽታው ይበልጥ ተጋላጭ ያደርጋሉ። ያም ቢሆን ዘሩ ብቻውን ማንንም አያሳምምም፤ ባዶ እግርና ያ አፈር መገናኘት አለባቸው። ይህን ግኝት ከሁሉ አስበልጬ የማነሣው ለዚህ ነው፦ አማት የምትሸሻት ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጫማ ቢደረግላት ኖሮ የሚሸሽ ነገር አይኖርባትም ነበር።

የታመመውስ? በምሥራቅ ጎጃም በ696 ሕሙማን ላይ የተደረገና በ2018 የታተመ ሙከራ እግርን በሳሙና መታጠብን፣ ቅባትን፣ ፋሻን፣ ካልሲና ጫማን እንደ መድኃኒት ቆጥሮ መዘነ። ሰውን ትኩሳት አስይዞ አልጋ ላይ የሚጥለው የእግር ሕመም ግርሻ በአንድ አምስተኛ ያህል ቀነሰ። በቁጥር ሲታይ እንክብካቤው ያልደረሳቸው በዓመት 24 ጊዜ ያህል ይታመማሉ፤ የደረሳቸው ደግሞ 19 ጊዜ። ሁለተኛውን ቁጥር ደግመው ያንብቡት። የተሻለው እንኳ በዓመት 19 ጊዜ ከእርሻው ይቀራል።

ለዓይን ማዝ የታደለ መድኃኒት ሕፃናትን ከሞት እንደታደገ ያውቁ ኖሯል? ነገሩ የተጀመረው እዚያው ምሥራቅ ጎጃም፣ ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ነው። ተመራማሪዎች የዓይን ማዝን (ትራኮማን) ለማጥፋት አዚትሮማይሲን የተባለውን ፀረ ተህዋስ ለመንደሩ ሰው ሁሉ አደሉ። በ2009 ውጤቱ ሲታተም ግን መድኃኒቱ በታደለባቸው ቀበሌዎች ከ1 እስከ 9 ዓመት ያሉ ልጆች የመሞት ዕድል ካልታደለባቸው ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ያህል ቀንሶ ተገኘ። ለዓይን የተሰጠው መድኃኒት ሳንባንና አንጀትን የሚያጠቁ ተህዋሲያንንም ሳይነካ አይቀርም። ጥያቄው በኒጀር፣ በማላዊና በታንዛኒያ 190 ሺህ በሚሆኑ ሕፃናት ላይ እንደገና ተፈተነ። በ2018 የወጣው ውጤት በድምሩ 13.5 በመቶ ያነሰ ሞት አሳየ፤ ድህነቱ በከፋባት በኒጀር ቅናሹ ወደ 18 በመቶ ደረሰ።

በ2024 ከኒጀር የወጣው ጥናት ደግሞ አንድ ነገር ጨመረ። መድኃኒቱ ዓመት ላልሞላቸው ብቻ ከሚሰጥ ይልቅ ከ5 ዓመት በታች ላሉት ሁሉ ሲሰጥ ጨቅላዎቹም ይበልጥ ይጠበቃሉ። ታላቅየው ሲድን ታናሽየው ይድናል ማለት ነው። ሥጋትም አለ፤ መድኃኒት በጅምላ ሲታደል ተህዋሲያኑ ይለምዱታል። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት የሕፃናት ሞት እጅግ ከፍተኛ ላልሆነባቸው አገሮች እርምጃውን አይመክርም።

ወደ ዓይን ማዝ ስንመለስ፣ በዋግ ኽምራ ለመቀበል የሚከብድ ውጤት አለ። በሰቆጣና በዙሪያው ባሉ መንደሮች ለሦስት ዓመት የውኃ፣ የመጸዳጃ ቤትና የፊት መታጠብ ሥራ ተሠራ። በ2022 እንደታተመው፣ ሥራው የተሠራባቸውና ያልተሠራባቸው መንደሮች በዓይን ማዝ ተህዋስ ሥርጭት አልተለያዩም። ውኃ አያስፈልግም ለማለት ይህን የሚጠቅስ ሰው ካለ ተሳስቷል፤ ውኃ ለተቅማጡም፣ እንስራ ተሸክማ ለምትወጣው ልጅም ያስፈልጋል። ጥናቱ የሚናገረው በሽታው ሥር በሰደደበት አካባቢ ሦስት ዓመትና ሳሙና ብቻቸውን እንደማይበቁ ነው። የሚያስከፋውን ውጤት ሳይደብቁ ያሳተሙትን አመሰግናለሁ።

በትራኮማ ዓይናቸውን የሚያጡ ሴቶች ከወንዶች እስከ 4 እጥፍ እንደሚደርሱስ? ምክንያቱ የልጆችን ፊት የምትጠርገው፣ አቅፋ የምታስተኛው እናት መሆኗ ነው። ተህዋሱ ከልጁ ወደ እሷ ደጋግሞ ይመላለሳል። የዓይን ቆብ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ፀጉሩ ብሌኗን ይፈገፍጋል፤ ብዙዎች በወረንጦ እየነቀሉ ዓመታትን ይገፋሉ። ቆቡን የሚያስተካክለውን ቀላል ቀዶ ሕክምና የሠለጠነ ነርስ በጤና ጣቢያ መሥራት ይችላል።

ሰሊጥ ያመረቱ እጆች ምን ሲከፍሉ እንደኖሩ እናንሣ። ለአጨዳ ከደጋ ወደ ሑመራና መተማ የሚወርደው ወጣት ውሎው እርሻ፣ አዳሩ ከግራር ሥር ነው። በሚሰነጣጠቀው ጥቁር የዋልካ አፈር ውስጥና በዛፎቹ አካባቢ የምትኖረው የአሸዋ ዝንብ ሌሊት ትነድፈዋለች፤ ካላዛር የተባለው በሽታም እንዲህ ይገባል። ደገኛው ለበሽታው ከዚህ በፊት ተጋልጦ ስለማያውቅ ሰውነቱ አልተዘጋጀም። ትኩሳቱ ብዙ ጊዜ በወባ ስም ይታከማል፤ ጣፊያው ሲያብጥ፣ ሰውነቱ ሲመነምን፣ ገንዘቡም ሲያልቅ ነው እውነተኛው ስም የሚወጣው። ካልታከመ ይገድላል።

ኤች አይ ቪ ሲጨመርበት ነገሩ ይከፋል፤ መድኃኒቱ አይበረታም፣ በሽታው ይመለሳል። በጎንደርና በአብደራፊ የተደረገ ሙከራ አምቢሶም የተባለውን በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ሚልቴፎሲን ከተባለው የሚዋጥ መድኃኒት ጋር አጣመረ። በመጀመሪያው ዙር ላልዳኑት ዙሩ ሲደገምላቸው፣ ጥምሩን ከወሰዱት 88 በመቶ ዳኑ፤ አምቢሶምን ብቻ ከወሰዱት 55 በመቶ። በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት ሁለቱ በሽታዎች ለተደራረቡባቸው የምሥራቅ አፍሪካ ሕሙማን ጥምሩን መከረ። የዚያ ምክር ዋና ማስረጃ ከእነዚህ የቀን ሠራተኞች አልጋ አጠገብ የተሰበሰበ ነው፤ ይህ በደንብ ሊታወቅላቸው ይገባል።

መለኪያ መስመር የታተመበት፣ ከታች ኪስ ያለው ላስቲክ የእናቶችን ሕይወት እንደሚያተርፍ ያውቁ ኖሯል? ከወሊድ በኋላ የሚፈሰው ደም ለዘመናት በዓይን ግምት ነበር የሚለካው። በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ 80 ሆስፒታሎች ከ210 ሺህ በላይ ወላድ እናቶችን ያካተተው፣ በ2023 የታተመው ጥናት እንዳሳየው በግምት ሲሠራ የመድማት አደጋው የሚታወቀው በግማሾቹ ላይ ብቻ ነው። ደሙ በላስቲኩ ሲለካ 93 በመቶ የሚሆነው በጊዜ ታወቀ። አዋላጆቹም ማሕፀን ማሸትን፣ መድኃኒቶቹን፣ በደም ሥር የሚሰጠውን ፈሳሽና ምርመራውን ተራ ሳይጠብቁ በአንድ ላይ ጀመሩ። ከባዱ መድማትና ተያያዥ አደጋው በ60 በመቶ ቀነሰ።

ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ማሞቂያ ክፍል ገብቶ እስኪረጋጋ ድረስ ከእናቱ ይለያል፤ ልማዱ ይህ ነበር። በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ የተደረገ ሙከራ ግን ሕፃኑ እንደተወለደ በእናቱ ደረት ላይ ሲታቀፍ በመጀመሪያው ወር የመሞት ዕድሉ በ25 በመቶ ቀንሶ አገኘ። ጥቅሙ ግልጽ ስለነበር ሙከራው ከታሰበለት ጊዜ በፊት ቆመ።

ጥሬ ገንዘብስ? በምዕራብ ኬንያ ሲያያ ግዛት ከ10 ሺህ በላይ ድሃ ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው 1,000 ዶላር ያህል ያለ ቅድመ ሁኔታ ተሰጣቸው። በ2025 የወጣው ትንተና በእነዚህ ቤቶች ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱ ሕፃናት በግማሽ ገደማ መቀነሳቸውን አመለከተ። ዋናው ጥቅም የታየው ገንዘቡ በወሊድ ሰሞን ሲደርስና ጤና ተቋሙ ቅርብ ሲሆን ነው። እርጉዟ በመጨረሻዎቹ ወራት ከከባድ ሥራ አረፈች፣ በልታ አደረች፣ ሐኪም ቤት ሄዳ ወለደች። ድሃ ገንዘብ ቢሰጠው ያባክነዋል የሚለው ክርክር ከዚህ በኋላ የሚቆምበት መሬት አይታየኝም።

እርድ ይወዳሉ? በባንግላዴሽ ተመራማሪዎች በእርጉዞች ደም ውስጥ የተገኘው እርሳስ ከየት እንደመጣ ሲከታተሉ የደረሱት ከእርድ ዱቄት ነው። ነጋዴዎች ቢጫነቱን ለማድመቅ እርሳስ ያለበት ቀለም ይቀላቅሉበት ነበር። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። በ2019 ከገበያ ከተወሰዱ ናሙናዎች 47 በመቶው እርሳስ ነበረበት። መንግሥት ገበያውን ፈተሸ፣ አጥፊዎችን ቀጣ፣ ለሕዝቡም በግልጽ ነገረ፤ በ2021 ከተወሰዱት ናሙናዎች አንዱም አልተገኘበትም። ሁለት ዓመት ብቻ ነው የወሰደው። የበርበሬና የቅመም ገበያ ባለበት አገር ሁሉ ይህ ታሪክ ሊነገር ይገባዋል።

ዚምባብዌ ውስጥ ጭንቀትና ድባቴን የሚያክሙት አያቶች መሆናቸውን ያውቁ ኖሯል? የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ በ2006 የጀመረው ሥራ ነው፤ የሠለጠኑ አያቶች ከጤና ጣቢያው ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ችግረኛውን ያዳምጣሉ፣ መፍትሔውን አብረው ይፈልጋሉ። በ2016 የታተመው ሙከራ ከስድስት ወር በኋላ የድባቴ ምልክት ያልለቀቃቸው 14 በመቶ ብቻ እንደሆኑ አሳየ፤ የተለመደውን ሕክምና ካገኙት ግን 50 በመቶ።

የእኛም አለን። በቡታጅራ አካባቢ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በጤና ጣቢያ፣ አጭር ሥልጠና ባገኙ ባለሙያዎች ቢታከሙ በሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ነርስ ከሚታከሙት እንደማያንሱ በ2022 የወጣ ጥናት አረጋግጧል። ከዚህ ቀደም በአቅራቢያው በሶዶ ወረዳ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ የታመመ ልጃቸውን በሰንሰለት የሚያስሩ ወላጆችን አነጋግሯል። ያሰሯቸው በጭካኔ አይደለም፤ በአጠገባቸው ሕክምና ስላልነበረና ሌላ መላ ስላጡ ነው።

ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የገቡ ወገኖቻችን ሲገቡ የስኳር ሕመም እምብዛም አልነበረባቸውም፤ አመጋገቡና አኗኗሩ ሲቀየር ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ በፍጥነት በዛባቸው። በሽታው ክብደታቸው ያን ያህል ባልጨመረ ሰዎችም ላይ ይታያል። «ቀጭን ነኝ» ብለው ምርመራውን አይተዉት።

በመጨረሻ ወደ ባሕረ ሰላጤው። በኳታር የሞቱ የኔፓል ሠራተኞችን መዝገብ ከሙቀት መረጃ ጋር ያስተያየ፣ በ2019 የታተመ ጥናት ከ2009 እስከ 2017 በልብና ደም ሥር ሕመም ከሞቱት 571 ሰዎች እስከ 200 የሚሆኑት ከሙቀት ቢጠበቁ ኖሮ ሊተርፉ ይችሉ እንደነበር ገመተ። በ2021 ኳታር የበጋውን የደጅ ሥራ እገዳ አሰፋች፤ አሁን በእኛ አቆጣጠር ከግንቦት 24 እስከ መስከረም 5 ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ፀሐይ ላይ ማሠራት ክልክል ነው። ሕጉ የሚናገረው ስለ ደጅ ሥራ ነው፤ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩትን እህቶቻችንን አይጨምርም።