ነሐሴ ላይ ማን ይገዛል?

ባሕር ዳር ሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመችውን ይዛ ወደ ደቡብ ጎንደር ደጋ የተመለሰች ወጣት ነበረች። ከብድርና ቁጠባ ተቋም ጥቂት ጨምራ በትውልድ ቀበሌዋ ሱቅ ከፈተች። ስኳር፣ ጨው፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ባትሪ ድንጋይ፣ የሞባይል ካርድ ትሸጣለች። ዓመት ሳይሞላ ዘጋች። ብድሩን የገመገመው ሪፖርት ምክንያቱን በአንድ መስመር ጨረሰው፤ «የመነሻ ካፒታል ማነስ» አለ። ከሥሩ የተጻፈው የመፍትሔ ሐሳብም ተጨማሪ ብድር ነበር።

የዱቤ ደብተሯን ግን ገልጬ አይቼዋለሁ። ከሰኔ ጀምሮ ያለው ገጽ ሁሉ በስም ተሞልቷል። አክስቷ አሉ፣ የክርስትና እናቷ አሉ፣ የንስሐ አባቷም አሉ። ሁሉም «ጥር ላይ እከፍላለሁ» ብለዋል፣ አብዛኞቹም የሚዋሹ ሰዎች አይደሉም። ገንዘቧ አልጠፋም፣ በየጎረቤቱ ጓዳ ተበልቶ ጥርን ይጠብቃል። የከተማው ጅምላ ሻጭ ደግሞ ጥርን አይጠብቅም።

ለአነስተኛ ንግድ ብድር በመስጠት ሥራ ላይ ብዙ ስለቆየሁ አንዳንድ ሐረግ ስሰማ ይታክተኛል። «ችግሩ ካፒታል ነው» የሚለው ግንባር ቀደሙ ነው። የወረዳ ኃላፊው ይለዋል፣ በጎ አድራጊው ይለዋል፣ ተበዳሪውም እንዲል ስለሚጠበቅበት ይለዋል። 10 ቢሊዮን ብር የተመደበለት የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ በ2009 ዓ.ም. ሲመጣም የስብሰባው ሁሉ ወሬ ገንዘቡ ለስንት ወጣት ይዳረሳል የሚል ነበር። ወጣቱ ያመረተውን ወይም ያመጣውን ማን፣ በየትኛው ወር፣ በምን ገንዘብ ይገዛዋል የሚል ሰው ቢኖርም ድምፁ አልተሰማም።

እስቲ እናስላው። ባለሱቋ የ30,000 ብር ዕቃ አላት እንበል። በየወሩ የ6,000 ብር ዕቃ በዱቤ ከወጣ፣ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ባሉት 5 ወራት መደርደሪያው ይራቆታል። ሌላ 30,000 አበደርናት። በዓመት ተከፍሎ የሚያልቅ ከሆነ ወለዱን ትተን ዋናው ብቻ በወር 2,500 ብር ይሆናል። ክፍያው የሚጀምረው እጅ በእጅ የሚገዛ ሰው በሌለበት ወር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ወራት የምትከፍለው ከዚያው ከተበደረችው ላይ እየቆነጠረች ነው። ዕቃ መምጣቱን ያየ ጎረቤት ደግሞ ከቀድሞው በላይ ዱቤ ይጠይቃል፤ ስኳር ተደርድሮ እየታየ «የለም» ማለት አይቻላትም።

ጥፋቱ የሚጀምረው ከቅጻችን ነው። የንግድ ዕቅድ ቅጹ «ወርኃዊ ሽያጭ» የሚል አንድ ሳጥን አለው፤ የተሞላው ቁጥር በ12 ይባዛና ዓመታዊ ገቢ ተብሎ ይጻፋል። (ጳጉሜን ከነጭራሹ የለችም፤ እሷስ ደግነቱ አጭር ናት።) ደጋ ላይ የሚኖር ገበሬ ግን 12 እኩል ወራት የሉትም። ገንዘብ የሚያየው እህሉ ተወቅቶ ገበያ ሲወጣ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው። ያን ጊዜም ሁሉም አንድ ላይ ስለሚሸጥ ዋጋው ወርዶ ይጠብቀዋል። በግንቦትና በሰኔ ማዳበሪያ አለ። ሐምሌና ነሐሴ ጎተራው ይጎድልና እሱ ራሱ እህል ሸማች ይሆናል፣ ያውም በውድ። መስከረም ላይ የልጆች ደብተርና የደንብ ልብስ ይመጣል። ለአዲስ ዓመት የሚወጣውን ወጪማ ማንም ያውቀዋል።

የ45 ቀን ጫጩት የተከፋፈሉ ወጣቶች ያጋጠማቸውም ይኸው ነው። ዕቅዱ በወረቀት ላይ ያማረ ነበር፤ የዕንቁላሉ ብዛት ተሰልቷል፣ የመኖው ወጪ ተቀንሷል፣ ትርፉ ተጽፏል። ዶሮዎቹ መጣል የጀመሩት ሁዳዴ ሊገባ ሲል ነው። 55 ቀን ሙሉ በክርስቲያኑ ደጋ ዕንቁላል የሚገዛ ማን አለ? መኖ ግን አይጾምም። ጊዜውን አስልቶ ለፋሲካ የሚያደርስ ሰው ጥሩ ዋጋ ያገኛል፣ ያንን ለማድረግ ግን ጫጩቱ የሚታደልበትን ቀን የሚወስነው የአቅራቢው መኪና ሳይሆን የጾሙ አቆጣጠር መሆን ነበረበት። ረቡዕና ዓርብን፣ የነሐሴን ፍልሰታ እንኳ አላነሳሁም። ይህን ለመረዳት ጥናት አያስፈልግም፤ ከወጣቶቹ የአንዷ እናት ብትጠየቅ በአንድ ትንፋሽ ትነግረን ነበር።

አሠልጣኞች ደግሞ «ዱቤ አትስጡ» ይላሉ። ከተማ ውስጥ «ዱቤ ነገ ነው» የሚል ጽሑፍ ለጥፎ መገላገል ይቻል ይሆናል። ቀበሌ ውስጥ ግን ዱቤ የከለከልሽው ሰው ነገ በሬ የሚያውስሽ፣ ለአጨዳ ደቦ የምትጠሪው፣ ለቅሶሽ ላይ ድንኳን የሚተክለው ነው። ዱቤ የማይሰጥ ሱቅ ገበያ አያገኝም፣ ባለቤቱም ክፉ ስም ያገኛል። የሚሻለው ዱቤን እንደ ሥራው አካል ማቀድ ነው፦ ከዕቃው ምን ያህሉ በዱቤ ይውጣ፣ ለአንድ ቤት እስከ ስንት ብር፣ ሲሰበሰብስ ከአውድማ ነው ወይስ ከገበያ? ይህንን የሚያስተምር የሥልጠና ጽሑፍ እስካሁን አላየሁም።

ከዚህ የሚብሰው የሱቆቹ ብዛት ነው። አንዱ ሱቅ ሲያዋጣ ካየን አራት ሰው እናበድርና አምስት ሱቅ እናደርገዋለን። የቀበሌው ብር ግን ያው ነው፤ ለአምስት ተከፋፈለ እንጂ አልበዛም። በሪፖርታችን አራት ሥራ ተፈጠረ እንላለን፣ በእውነቱ የመጀመሪያዋን ሴትዮ ገበያ ነው የቀማናት። ስለዚህ አንድ ሰው ለብድር ሲመጣ የምጠይቀው ብሩ ከየት እንደሚመጣ ነው። በየቤቱ ዕንቁላልና ቅቤ ሰብስባ ወረዳ ከተማ ላሉ ሆቴሎች የምታደርስ ሴት፣ ማር ይዞ የሚወርድ፣ ፉርሽካና ፋጉሎ ገዝቶ በጎቹን ሦስት ወር አሙክቶ ለበዓል የሚያወጣ፣ እነዚህ የውጭ ብር ወደ ቀበሌው ያስገባሉ። በየገበያ ቀኑ እየተዘዋወረ የሚነግደውም አንዱ መንደር ሲደርቅ ሌላው ይይዘዋል። ካፒታል በእርግጥ የሚገታው ሥራ የለም አልልም፤ ወፍጮ ለማስተከል የሚያስፈልገው ገንዘብ በዕቁብ የሚሞላ አይደለም። እሱ ግን ከምናየው ማመልከቻ ጥቂቱ ነው።

በአነስተኛ ብድር የታወቁት ሙሐመድ ዩኑስና ግራሚን ባንክ እ.ኤ.አ. በ2006 የኖቤል የሰላም ሽልማት ካገኙ ወዲህ የባንግላዴሽ ስም የማይጠራበት ሥልጠና የለም። ባንግላዴሽ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ1,000 ሰው በላይ የሚኖርበት አገር ነው፤ ደቡብ ጎንደር ጋይንት ውስጥ ግን ገዢ ለማግኘት ገደል ወርዶ ገደል መውጣት አለ። እዚሁ እኛው ገጠር፣ በአማራና በኦሮሚያ፣ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2015 ከአምስት ሌሎች አገሮች ጥናቶች ጋር አብሮ የታተመ ጥናት አለ። ብድር ሲዳረስ ተበዳሪው በብዙ ጨመረ፤ የቤተሰቡ ኑሮ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። ውጤቱ ሲነገር የሚገረም የሥራ ባልደረባ ሳገኝ እኔ በእሱ እገረማለሁ።

የእርሻ ብድር መክፈያው መኸርን እንዲጠብቅ ሲደረግ የኖረ ነው፤ ለሱቁም፣ ለዶሮውም፣ ለበጉም እንዲሁ ማድረግ የሚከለክል ነገር የለም። ባልደረቦቼ፣ «ወርኃዊ ሽያጭ» የሚለውን ሳጥን ሰርዙት። በምትኩ አሥራ ሦስቱን ወራት ከላይ እስከ ታች ጻፉና በእያንዳንዱ ፊት ለፊት ማን እንደሚገዛ፣ በምን ብር እንደሚገዛ አስሞሉ። ነሐሴ ባዶ ከሆነ ብድሩን አትፈርሙ፤ አመልካቿንም በባዶ እጇ አትሸኟት፣ ሥራውን እንደገና አብራችሁ አስቡ።