ሁለት ባላ የተከለው መሪ

ጆሮ ጠቢ ሲባል ጥግ ይዞ የሚያደምጥ ተራ ሰው ይመስለናል። መሪው ራሱ ጆሮ ጠቢ ቢሆንስ? ይህ በሩሲያ በእውነት ሆኗል። ዓመቶቹን የምንጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በዛሩ ዘመን፣ መሬት ለሚያርሰው ገበሬ ይሁን ብሎ የተነሣ የሶሻሊስት አብዮተኞች ፓርቲ የሚባል ድርጅት ነበር። በኅቡእ የሚሠራ የተዋጊዎች ክንፍም ነበረው። የክንፉ መሪ ገርሹኒ በ1903 ሲያዝ ቦታውን ዬቭኖ አዜፍ ወረሰ። አዜፍ ግን ከ1893 ጀምሮ የፖሊስ ደመወዝተኛ ነበር! ገና ተማሪ ሳለ ራሱ ለፖሊስ ደብዳቤ ጽፎ በወር 50 ሩብል ተቆረጠለት።

ታዲያ እንዴት ሳይታወቅ ቀረ? «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይባል የለ? ጓዶቹን ለፖሊስ ይሸጣል፤ የጓዶቹን ትልልቅ ምስጢር ደግሞ ከፖሊስ ይደብቃል። በ1904 የአገር ግዛት ሚኒስትሩ ፕሌቬ፣ በ1905 የዛሩ አጎት ሰርጌይ የተገደሉት በእሱ መሪነት ነው። ይህን የሠራ ሰው እንዴት ይጠረጠራል ተባለ።

አሁን ልብ በሉ! በ1905 ጸሐፊው ያልታወቀ ደብዳቤ መጣ። ሁለት ሰላዮችን ይጠቁማል፤ አንዱ ታታሮቭ፣ ሁለተኛው አዜፍ። ቃሉ በሁለቱም ላይ እውነት ነበር። ታታሮቭ ተመረመረና በ1906 ዋርሶ ላይ ተገደለ። የአዜፍ ግን ስም ማጥፋት ነው ተብሎ ታለፈ። ደብዳቤው አንድ፣ ሚዛኑ ሁለት!

በ1908 ቡርትሴቭ የሚባል የታሪክ ጸሐፊ አዜፍን አጋለጠ። ጓዶቹ ተቆጥተው ከሳሹን ራሱን ፓሪስ ላይ ለፍርድ አቀረቡት። እሱም የቀድሞው የፖሊስ ዳይሬክተር ሎፑሂን ነገሩን እንዳረጋገጠለት ተናገረ። አዜፍ በድብቅ ሎፑሂን ቤት ሄዶ እንዳያጋልጠው ለመነው። ሲጠየቅ ግን ያን ጊዜ በርሊን ነበርኩ አለ፤ የማደሪያ ደረሰኝም አሳየ። ሰው ተልኮ ሲጣራ ውሸት ሆነ። አዜፍ በሌሊት ጠፋ፤ በ1918 በርሊን ውስጥ ሞተ።

እኛስ? በማኅበርም በዕድርም ሁለት ጥፋት አለ። ያለማስረጃ ሰውን ሰላይ ወይም ሌባ ማለት አንዱ ነው። ትልቅ ሰው ስለሆነ አይጠየቅም ማለት ሁለተኛው ነው። ደረሰኝ አሳየን ማለት እኮ ስድብ አይደለም። ንጹሑን ሰው ከሐሜት የሚያድነውም ያው ደረሰኝ ነው።