ልጆቹ ተናግረው ነበር

ላሪ ናሳር የአሜሪካ የጂምናስቲክ ብሔራዊ ቡድን ሐኪም ነበር። በሕክምና ስም በመቶዎች የሚቆጠሩ ልጃገረዶችን ደፍሯል፤ ለዓመታት ወሲባዊ ጥቃት ፈጽሞባቸዋል። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ሚሺጋን ውስጥ ከ40 እስከ 175 ዓመት እስራት ሲፈረድበት፣ ከ150 በላይ ተጎጂዎች ቃል በችሎቱ ተሰማ። ከሁሉ የሚያንገበግበው ግን አንዳንዶቹ ገና በ1990ዎቹ ለአዋቂዎች ተናግረው እንደነበር መመስከራቸው ነው። ኤፍ ቢ አይም በሐምሌ 2015 ጥቆማው ደርሶት ሳለ ሰውየው ከአንድ ዓመት በላይ በሐኪምነት መሥራቱን ቀጠለ።

ፍርዱ በተሰጠ በሳምንታት ውስጥ፣ በየካቲት 2018፣ የፀደቀው የፌዴራል ሕግ የተነሣው ከዚህ ቁጭት ነው። በብዙ ክፍለ ግዛቶች መምህርና ሐኪም ጥቃትን የማሳወቅ ግዴታ ሲኖርባቸው የስፖርት ክለብ ሰዎች ግን አልነበረባቸውም። አዲሱ ሕግ በብሔራዊ ፌዴሬሽኖች ሥር ከልጆች ጋር የሚሠራ አዋቂ ጥርጣሬውን በ24 ሰዓት ውስጥ ለሕግ አስከባሪ እንዲያሳውቅ አስገደደ። አዋቂና ልጅ ለብቻቸው የሚገናኙበትን አጋጣሚ የሚገድብ ደንብ እንዲወጣም አዘዘ። ተጎጂው ጉዳቱን ካወቀበት ጊዜ አንሥቶ 10 ዓመት ክስ የመመሥረት መብት አገኘ (የጊዜ ገደቡ በ2022 ጨርሶ ተነሥቷል)። ልጅ የደረሰበትን በደል በስሙ ለመጥራት ዓመታት ሊፈጅበት ስለሚችል፣ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው አንቀጽ ይህ ነው።

ልጆቻቸውን በአሜሪካ የእግር ኳስ ወይም የሩጫ ክለብ ያስመዘገቡ ሐበሻ ወላጆች ደንቡን በተግባር ሊያዩት ይችላሉ፤ አሰልጣኙ ለልጁ መልእክት ሲልክ ወላጅን ወይም ሌላ አዋቂን ይጨምራል። ይህን አሠራር የማያከብር አሰልጣኝ ካለ ያለ ይሉኝታ መጠየቅ ይገባል።

ችግሩ የአሜሪካ ብቻ አይደለም። ብሪታንያ በ1995 የኦሊምፒክ የውሃ ዋና አሰልጣኙ ፖል ሂክሰን በወሲባዊ ጥቃት ከታሰረ በኋላ በ2001 ለስፖርት የሕፃናት ጥበቃ ክፍል አቋቁማለች። ሆኖም አሰልጣኝ ከሚያሠለጥነው የ16 እና የ17 ዓመት ልጅ ጋር ወሲብ መፈጸሙ በእንግሊዝና በዌልስ በግልጽ ወንጀል የሆነው በ2022 ነው። መምህራን ላይ ይኸው ክልከላ ቀደም ሲል ነበር።

የአሜሪካው ሥርዓት ትልቁ ድክመት ገንዘብ ላይ ነው። አቤቱታ የሚመረምረው ሴፍስፖርት የተባለው ማዕከል በ2020ው ሕግ መሠረት በዓመት 20 ሚሊዮን ዶላር የሚያገኘው ከአገሪቱ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ነው፤ ይኸው ኮሚቴ ደግሞ ማዕከሉ ከሚቆጣጠረው የስፖርት ዓለም አናት ላይ ተቀምጧል። በምርመራ መጓተት የተማረሩ ስፖርተኞች ብዙ ናቸው። ኮንግረሱ ያቋቋመው አጥኚ ኮሚሽን በ2024 ባወጣው ሪፖርት ማዕከሉ ሙሉ በሙሉ ከስፖርት ተቋማቱ ተላቅቆ በመንግሥት በጀት እንዲተዳደር መክሯል።