ለአነስተኛ ሴንሰር ካሜራ ሰፊ ሌንስ አመራረጥ

በልደታ ክፍለ ከተማ፣ በተክለ ሃይማኖት ሰፈር፣ በአንዲት ጠባብ ቤት ሠርግ ተደግሷል እንበል። ፎቶግራፍ አንሺው ጀርባው ግድግዳ እስኪነካ ድረስ ቢያፈገፍግም፣ ከዳርና ከዳር የተቀመጡት ሽማግሌዎች ከፎቶግራፉ ውጭ ቀሩ። ሰፊ የተባለ ሌንስ ገዝቶ ሳለ ይህ ለምን ሆነ?

መልሱን ለማግኘት በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። አንደኛው የሌንሱ የትኩረት ርቀት ነው፤ ይህም በሚሊሜትር ተለክቶ በሌንሱ ላይ ይጻፋል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን የሚታየው ስፋት ይጨምራል። ሁለተኛው በካሜራው ውስጥ ምስሉን የሚቀበለው ሴንሰር ነው። የሙሉ መጠን ሴንሰር አግድመቱ 36 ሚሊሜትር ሲሆን፣ የብዙዎቹ አነስተኛ ሴንሰሮች ግን ከ22 እስከ 24 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ አንድ ዓይነት ሌንስ በሁለቱም ካሜራዎች ላይ ቢገጠም፣ አነስተኛው ሴንሰር የሚቀበለው የምስሉን መካከል ብቻ ነው።

ይህንም በስሌት ማረጋገጥ ይቻላል። በካሜራውና በሰዎቹ መካከል ያለውን ርቀት በሴንሰሩ አግድመት አባዙ፤ ውጤቱን ለትኩረት ርቀቱ አካፍሉ። ሰዎቹ ከካሜራው 3 ሜትር ርቀው፣ 4 ሜትር ስፋት ይዘው ቢቀመጡ፣ 24 ሚሊሜትር ሌንስ በሙሉ ሴንሰር ላይ 4.5 ሜትር ያሳያል። በ23.5 ሚሊሜትር ሴንሰር ላይ ግን 2.94 ሜትር ብቻ ያሳያል። ብዙ ጊዜ ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው ከ18 እስከ 55 ሚሊሜትር የሚደርሰው ሌንስ እንኳ፣ በ18 ላይ ሲሆን 3.92 ሜትር ስለሚያሳይ ጥቂት ይጎድለዋል። 16 ሚሊሜትር ሌንስ ግን 4.41 ሜትር ስለሚያሳይ ሁሉንም ያጠቃልላል።

እንግዲህ ከሁሉ የሰፋው ይሻላል ማለት ነውን? አይደለም። 10 ሚሊሜትር ሌንስ ከዚያው ቦታ 7 ሜትር ያህል ያሳያል፤ ሆኖም ከዳር የተቀመጠ ሰው ፊቱ ተለጥጦ ይታያል። ይህን የመሰለው ሌንስ ይበልጥ የሚጠቅመው ከጠባብ መንገድ ላይ ሆኖ ትልቅ ሕንፃ ለማንሣት ነው። የብርሃኑም ነገር አይዘነጋ፤ በኤፍ 2.8 የሚገባው ብርሃን በኤፍ 5.6 ከሚገባው አራት እጥፍ ነው።

በአጠቃላይ፣ ሌንስ የሚመረጠው በስሙ ሳይሆን በሚነሣው ነገር፣ በቦታው ስፋትና በሴንሰሩ መጠን ነው። ገንዘብ ከመክፈል በፊት መለካት ይቀድማል።

መልመጃ፦ የመማሪያ ክፍላችሁን ርዝመትና ስፋት ለኩ። ከኋለኛው ግድግዳ ሆኖ ጥቁር ሰሌዳው ያለበትን ግድግዳ በሙሉ ለማንሣት የሚበቃውን ሌንስ አስሉ፤ ምክንያታችሁንም በአንድ አንቀጽ ግለጹ።